ሰውነታችን ካንሰርን እንዴት እንደሚዋጋ፤ ካንሰርም እንዴት እንደሚያመልጠው

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ሰው ጉንፋን ሲይዘው ሁለት ሦስት ቀን ያስነጥሰዋል፤ ያተኩሰዋል፤ ከዚያም ብዙ ጊዜ መድኃኒት እንኳ ሳይወስድ ይድናል። እጁን እሾህ ቢወጋው ስፍራው ያብጣል፤ ይመግላል፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ይሽራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ማንም ሳያዝዘው የሚሠራ፥ ቀንም ሌሊትም የማይተኛ የመከላከያ ሠራዊት በደማችን ውስጥ ስላለ ነው። ታዲያ ይህን ያህል ብርቱ የሆነው ሠራዊት ካንሰር በሰውነት ውስጥ ሲበቅል ስለ ምን ዝም ብሎ ያያል?

ብዙ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ «አቅም ስላነሰው ነው» የሚል ነው። ስለዚህም ዘመድ ወዳጁ ተሰብስቦ ለታማሚው ኃይል ይሰጣል የተባለውን ሁሉ ያበላዋል፤ ደም ያጠራል የተባለውን ቅጠልና ሥር ሁሉ ያጠጣዋል፤ ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባው ወራትም በዚሁ ያልፋል።

በዛሬው ንግግራችን ለማስረዳት የምንሞክረው ይህ መልስ በአብዛኛው ትክክል አለመሆኑን ነው። ሠራዊቱ ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ኃይል አንሶት ሳይሆን፥ ጠላቱን ለይቶ ባለማወቁ፥ ወይም አውቆት ሳለ እጁን እንዲሰበስብ ስለሚታዘዝ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት የቃል ልዩነት ብቻ አይደለም። ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ያህል ውስጥ ሞት ተፈርዶባቸው የነበሩ ብዙ ታማሚዎችን ያዳነው አዲስ ሕክምና የተገኘው ይህን ልዩነት ከተረዱ ሰዎች ዘንድ ነው።

አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። በአገራችን ካንሰርን «ነቀርሳ» ብሎ መጥራት የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን «የሳምባ ነቀርሳ» የምንለው፥ ሐኪሞች ቲቢ የሚሉት በሽታ፥ ከውጭ በሚገባ ባክቴሪያ የሚመጣና በትንፋሽ የሚተላለፍ ሲሆን፥ ካንሰር ግን አብሮ በመብላት፥ አብሮ በመተኛት ወይም በማስታመም አይተላለፍም። ሁለቱ እንዳይደባለቁብን በዚህ ጽሑፍ «ካንሰር» የሚለውን ስም እንይዛለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ይወቅልን።

ጠላት ከቤት ሲወለድ

የሰው ሰውነት 30 ትሪሊዮን ያህል ሕዋሳት በአንድነት የሚኖሩበት ታላቅ ከተማ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ በውስጡ የመመሪያ መጽሐፍ አለው፤ የሳይንስ ሰዎች ዲ ኤን ኤ ይሉታል። ሕዋሱ ምን እንደሚሠራ፥ መቼ ለሁለት እንደሚከፈል፥ መቼም ሥራውን ፈጽሞ እንደሚሞት በዚያ ተጽፏል። ሕዋሱ በተከፈለ ቁጥርም መጽሐፉ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ይገለበጣል።

ቁም ጸሐፊ ብራና ሲገለብጥ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ አንዳንድ ፊደል እንደሚገድፍ ሁሉ፥ በዚህም ግልበጣ ውስጥ ግድፈት ይገባል። የትንባሆ ጢስ፥ ብርቱ የፀሐይ ጨረር፥ አንዳንድ ቫይረሶች፥ እንዲሁም የዕድሜ መግፋት ግድፈቱን ያበዙታል። አብዛኛው ግድፈት ወዲያው ይታረማል፤ ያልታረመውም ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም። ዳሩ ግን ግድፈት በግድፈት ላይ ተደራርቦ «ተከፈል» እና «ቁም» የሚሉትን ትእዛዛት ያበላሸ እንደ ሆነ፥ ያ ሕዋስ ልጓሙን እንደ በጠሰ ፈረስ ይሆናል። ያለ ልክ ይከፈላል፤ ልጆቹም ይከፈላሉ፤ የጎረቤታቸውን ስፍራና ምግብ ይቀማሉ፤ በመጨረሻም በደምና በሌላም መንገድ ተጉዘው በሩቅ ብልቶች ላይ ይሰፍራሉ። ካንሰር ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ አስተውሉ። ወባ፥ ቲቢ፥ ኩፍኝ ሁሉ ከውጭ የሚመጡ እንግዶች ናቸው፤ መልካቸውም ከእኛ መልክ የተለየ ነው። ካንሰር ግን ከራሳችን ሕዋስ የተወለደ የቤት ልጅ ነው። ከተፈጥሮ ሕዋሳችን የሚለየው በጥቂት ግድፈቶች ብቻ ነው። የችግሩ ሁሉ ሥር ከዚህ ላይ ይጀምራል።

ሠራዊቱ እንዴት ይሠራል?

ነጭ የደም ሕዋሳት የሚወለዱት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። ከእነርሱ አንዱ ወገን ከደረት አጥንት በስተኋላ፥ ከልብ በላይ ወዳለ ታይመስ ወደሚባል ዕጢ ገብቶ ይማራል፤ በዚሁም ዕጢ ስም የመጀመሪያ ፊደል ቲ ሕዋስ ተብሏል። የታይመስ ፈተና እጅግ ከባድ ነው። የገዛ ሰውነቱን ሕዋሳት አጥብቆ የሚያጠቃ ሆኖ የተገኘ ተማሪ በዚያው እንዲሞት ይደረጋል። ከገቡት መካከል ፈተናውን አልፈው ወደ ደም የሚወጡት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ይህ ባይሆን ኖሮ ሠራዊቱ የሚጠብቀውን ከተማ ራሱ ባፈረሰው ነበር።

የተመረቀው ቲ ሕዋስ ጤነኛውን ከበሽተኛው የሚለየው በምንድን ነው ብትሉ፥ እያንዳንዱ ሕዋስ በውስጡ የሚሠራቸውን ፕሮቲኖች ቆራርጦ ቁራጮቹን በውጭ ገጹ ላይ ይሰቅላል። አንድ መሥሪያ ቤት የዕለት ሥራውን ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንደሚለጥፍ መሆኑ ነው። ቲ ሕዋስ በየሕዋሱ ደጅ እያለፈ ሰሌዳውን ይመለከታል። የለመደው ዝርዝር ከሆነ ያልፋል። ቫይረስ የገባበት ሕዋስ ወይም በግድፈት የተበላሸ ፕሮቲን የሚሠራ ሕዋስ ከሆነ ግን በሰሌዳው ላይ እንግዳ ቃል ይታያል። በዚህ ጊዜ ቲ ሕዋሱ ከዚያ ሕዋስ ጋር ይጣበቅና ገጹን የሚበሳ ፕሮቲን ይለቅበታል፤ በቀዳዳውም ገዳይ ንጥረ ነገር ያስገባበታል። ሕዋሱም ራሱን በራሱ አፍርሶ ይሞታል፤ አጠገቡ ያሉት ጤነኞች ግን አይነኩም።

ይሁንና ቲ ሕዋስ በገዛ ፈቃዱ ብቻ አይዘምትም። መጀመሪያ ማስረጃ ሊቀርብለት ይገባል። ማስረጃውን የሚያቀርቡት ቅርንጫፍ መሳይ እጆች ያሏቸው ሌሎች ሕዋሳት ሲሆኑ፥ በየሰውነቱ ክፍል እየዞሩ የሞተውንና የተበላሸውን ይለቅማሉ፤ ከዚያም በብብት፥ በአንገትና በብሽሽት ወደሚገኙት ዕጢዎች ሄደው ለቲ ሕዋሳት ያሳያሉ። እነዚህን ሕዋሳት በ1973 ለዓለም ያስታወቁት ራልፍ ስታይንማን የተባሉ ሊቅ በ2007 የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። እርሳቸውም ራሳቸው ባገኙት ጥበብ ላይ የተመሠረተ ሕክምና በገዛ ሰውነታቸው ላይ ሞከሩ። በዚህ በሽታ የሚያዙ አብዛኞቹ ሰዎች ብዙ ሳይቆዩ የሚሞቱ ሲሆን፥ እርሳቸው ከአራት ዓመት በላይ ኖረው፥ በ2011 የኖቤል ሽልማት ሊታወጅላቸው ሦስት ቀን ሲቀረው ዐረፉ።

ከቲ ሕዋሳት ሌላ፥ ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት የሚባሉ ወታደሮችም አሉ። የእነርሱ ሥራ የሚያስደንቅ ነው። ሰሌዳውን ጨርሶ አውርዶ የተገኘውን ሕዋስ «የምትደብቀው ነገር ቢኖርህ ነው» ብለው ይገድሉታል።

ሠራዊቱ በእውነት ካንሰርን ይዋጋልን?

ይህ ጥያቄ ሊቃውንትን አንድ መቶ ዓመት ያህል አከራክሯል። ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊክ በ1909 «የሰውነት መከላከያ ባይኖር ኖሮ ካንሰር ከምናየው በብዙ እጥፍ በበዛ ነበር» የሚል አሳብ አቀረቡ። በ1950ዎቹ አውስትራሊያዊው ማክፋርሌን በርኔትና አሜሪካዊው ሉዊስ ቶማስ ይህንኑ አሳብ አጠናክረው፥ ሠራዊቱ በየጊዜው የሚወለዱትን የካንሰር ሕዋሳት እየዞረ የሚያጸዳ ዘብ ነው አሉ። ነገር ግን በ1970ዎቹ የታይመስ ዕጢ በሌላቸው አይጦች ላይ የተደረገ ምርመራ ካንሰር በእነርሱ ላይ በዝቶ አለመታየቱን ስለ ገለጸ፥ አሳቡ ለብዙ ጊዜ ተናቀ። በኋላ እንደ ታወቀው ግን እነዚያ አይጦች መከላከያቸውን ሙሉ በሙሉ ያጡ አልነበሩም። በ2001 አሜሪካዊው ሮበርት ሽራይበርና ባልደረቦቻቸው ቲ ሕዋሳትና መሰሎቻቸው ጨርሶ በሌሏቸው አይጦች ላይ ካንሰር በእርግጥ እንደሚበዛ አሳዩ።

በሰው ላይም የሚታየው ማስረጃ ይህንኑ ያጸናል። ኤድስ በ1981 መጀመሪያ ሲታወቅ ሐኪሞችን ካስደነገጧቸው ምልክቶች አንዱ ካፖሲ ሳርኮማ የተባለው፥ ቀድሞ በወጣቶች ላይ ብዙ የማይታይ ካንሰር ነበር። የሌላ ሰው ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎችም፥ ሰውነታቸው ኩላሊቱን እንዳይጥለው መከላከያውን የሚያደክም መድኃኒት ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለሚወስዱ፥ የቆዳ ካንሰር ከሌላው ሰው ይልቅ በብዙ እጥፍ ያገኛቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው በ2003 በስኮትላንድ ሐኪሞች የታተመው ታሪክ ነው። አንድ ሰው ሜላኖማ ከተባለው የቆዳ ካንሰር በቀዶ ሕክምና ከተፈወሰ ከ16 ዓመት በኋላ በሌላ ምክንያት ሞተ። ሁለት ኩላሊቶቹ ለሁለት ታማሚዎች ተሰጡ፤ ሁለቱም ሜላኖማ ወጣባቸው። ይህ ማለት በሟቹ ሰውነት ውስጥ የካንሰር ሕዋሳት ተደብቀው ኖረው፥ መከላከያው ለ16 ዓመታት ያህል ቀና እንዳይሉ ይዞአቸው ነበር ማለት ነው። መከላከያው ወደ ደከመበት ሰውነት በተሻገሩ ጊዜ ግን ወዲያው ተነሡ።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ሊቃውንት ትግሉን በሦስት ዘመን ይከፍሉታል። የመጀመሪያው የማጥፋት ዘመን ነው፤ ሠራዊቱ የተበላሹትን ሕዋሳት እኛ ሳናውቀው ይጨርሳቸዋል። ሁለተኛው የመፋጠጥ ዘመን ነው፤ አንዱም አንዱን ሳያሸንፍ ዓመታት ያልፋሉ። ሦስተኛው የማምለጥ ዘመን ነው፤ ካንሰሩ ከሠራዊቱ ዓይን ይሰወራል፤ ሐኪም ዘንድ የሚያደርስ እብጠት ሆኖ የሚታየውም በዚህ ጊዜ ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ዘመን መካከል የሚሆነውን ለመረዳት ገበሬ ሲያርም ማየት ይበቃል። አራሚው ስንዴ የማይመስለውን አረም ሁሉ ይነቅላል። ስንዴ የሚመስለው እንክርዳድ ግን ከዓይኑ ተሰውሮ ይተርፋል፤ ዘሩንም ይረጫል። በሚቀጥለው ዓመት በእርሻው ውስጥ የሚበዛው እንግዲህ የማይለየው አረም ነው። ሠራዊታችንም እንዲሁ የሚታዩትን የካንሰር ሕዋሳት በገደለ ቁጥር፥ ሳያውቀው፥ የማይታዩትን እየመረጠ ያስቀራል። ስለዚህ አድጎ የተገኘ ካንሰር ብዙ ጊዜ ከረጅም ጦርነት የተረፈ፥ መሸሸጊያውን የተማረ ጠላት ነው።

የማምለጫው ዘዴዎች

የመጀመሪያው ዘዴ ሰሌዳን ማጉደል ነው። ካንሰሩ እንግዳውን ቃል ከሰሌዳው ላይ ያጠፋል፤ ወይም ሰሌዳውን ራሱን ያሳንሳል። ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት ሊጠረጥሩት ቢችሉም፥ ለእነርሱ ደግሞ ሌላ ማታለያ ያበጅላቸዋል።

ሁለተኛው ዘዴ ሐሰተኛ የይለፍ ወረቀት መያዝ ነው። ቲ ሕዋስ በገጹ ላይ ፒ ዲ ዋን የሚባል መቀበያ አለው። አንድ ሕዋስ ለዚህ መቀበያ የሚስማማውን ፕሮቲን ባሳየው ጊዜ ቲ ሕዋሱ «አትንካው» እንደተባለ ቆጥሮ ክንዱን ይሰበስባል። ይህ ፍሬን ለክፉ የተሠራ አይደለም። ቁስል በሚያመግልበት ስፍራ ጦርነቱ ከልክ አልፎ ጤነኛውን ሥጋ እንዳያቃጥል፥ እንዲሁም በእናቱ ማኅፀን ያለው ጽንስ ከአባቱ በወረሰው ባዕድ መልክ ምክንያት እንዳይጠቃ የሚጠብቅ ሕግ ነው። ካንሰር ግን ይህንኑ የምሕረት ወረቀት ሰርቆ በደረቱ ላይ ይለጥፋል። ቲ ሕዋሱ ጠላቱን አግኝቶ፥ ለይቶም አውቆ፥ ከፊቱ ቆሞ ሳለ እንዳይተኩስ ይታገዳል።

ሦስተኛው ዘዴ አስታራቂ ማብዛት ነው። ከቲ ሕዋሳት መካከል ጠብ እንዲበርድ የሚሠሩ ሽማግሌዎች አሉ። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ በ1995 ያስታወቋቸው ሲሆን፥ ስለዚሁ ሥራ በ2025 ከአሜሪካውያኑ ከሜሪ ብራንካውና ከፍሬድ ራምስዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። እነዚህ ሽማግሌዎች ባይኖሩ ሠራዊቱ መገጣጠሚያችንን፥ አንጀታችንንና ቆሽታችንን ባጠቃ ነበር። ካንሰር ግን በዙሪያው ሰብስቦ ያበዛቸዋል፤ እነርሱም ተዋጊውን «ተው፥ ይቅር» እያሉ ያቀዘቅዙታል።

አራተኛው ዘዴ አካባቢውን ማበላሸት ነው። ካንሰሩ በዙሪያው ወፍራም አጥር ያስገነባል፤ በአካባቢው ያለውን ስኳር አሟጦ ይበላል፤ ስፍራውንም ያኮመጥጠዋል። አጥሩን አልፎ የገባው ቲ ሕዋስ ምግብ አጥቶ፥ ከማያልቅ ጠላት ጋር ሲታገል ከርሞ ይዝላል፤ በመጨረሻም ቆሞ የሚመለከት ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ ከእነዚህ ዘዴዎች አብዛኞቹ የሠራዊቱን ቁጥር ማሳነስ አይደሉም። ካንሰር የሚጠቀመው ሰውነት ራሱን ከራሱ ለመጠበቅ ባወጣው ሕግ ነው።

ፍሬኑን የለቀቁት ሰዎች

ሠራዊቱን በካንሰር ላይ የማስነሣት ሙከራ አዲስ አይደለም። ዊልያም ኮሊ የተባሉ የኒው ዮርክ ቀዶ ሐኪም፥ አንድ የካንሰር ታማሚ ብርቱ የቆዳ መመረዝ ይዞት ከዳነ በኋላ ካንሰሩም እንደ ጠፋ ስለ ተረዱ፥ በ1891 ባክቴሪያ በታማሚዎቻቸው ሰውነት ውስጥ መውጋት ጀመሩ። አንዳንዶቹ ዳኑ፤ ነገር ግን ማን እንደሚድን አስቀድሞ ማወቅ አልተቻለም፤ ዘዴውም አደገኛ ነበር። የጨረር ሕክምና እየተስፋፋ ሲሄድም የኮሊ ሥራ ተረሳ።

አሳቡ ግን ጨርሶ አልሞተም። ቢ ሲ ጂ የተባለውን፥ ለሕፃናት በክንዳቸው ላይ የሚሰጠውን የሳምባ ነቀርሳ ክትባት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1976 የካናዳ ሐኪም የሆኑት አልቫሮ ሞራሌስ ይህንኑ ክትባት ገና ሥር ባልሰደደ የሽንት ፊኛ ካንሰር ላይ በቀጥታ እንዲገባ በማድረግ መልካም ውጤት እንዳገኙ አስታወቁ። ክትባቱ ሠራዊቱን ወደ ስፍራው ይጠራል፤ የተጠራው ሠራዊትም ካንሰሩን ያገኘዋል። ይህ ሕክምና እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው። ለአንደኛው ነቀርሳ የተሠራው ክትባት ለሌላኛው ነቀርሳ መድኃኒት ሆነ ማለት ነው።

ታላቁ ለውጥ የመጣው ግን ጥያቄው በተለወጠ ጊዜ ነው። ቀድሞ የሚጠየቀው «ሠራዊቱን እንዴት እናበርታው?» የሚል ነበር። በ1990ዎቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ጀምስ አሊሰን ግን «የያዘውን ፍሬን ብንለቅለትስ?» ብለው ጠየቁ። ሲ ቲ ኤል ኤ ፎር የሚባለውን የቲ ሕዋስ ፍሬን የሚሸፍን ፀረ እንግዳ አካል ሠርተው ካንሰር ላለባቸው አይጦች ሰጡ፤ ካንሰሩም እንደ ጠፋ በ1996 አሳተሙ። በጃፓን በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ታሱኩ ሆንጆና ረዳቶቻቸው ከላይ የጠቀስነውን ፒ ዲ ዋንን በ1992 አግኝተው፥ እርሱም ፍሬን መሆኑን በኋላ አረጋገጡ። ሁለቱ ሊቃውንት በ2018 የኖቤል ሽልማትን በአንድነት ተቀበሉ።

ኢፒሊሙማብ የተባለው የመጀመሪያው ፍሬን ለቃቂ መድኃኒት በ2011 በአሜሪካ ለተዛመተ ሜላኖማ ተፈቀደ፤ በ2014ም የፒ ዲ ዋን መድኃኒቶች ተከተሉ። ከዚያ በፊት ሜላኖማ ወደ ሌላ ብልት ከተዛመተባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዓመት አይሞላቸውም ነበር። በ2024 የታተመ ሰፊ ጥናት ግን ሁለቱን ዓይነት መድኃኒት በአንድነት ከወሰዱት እንደዚህ ካሉ ታማሚዎች መካከል፥ ከ100ው 43ቱ ያህል ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት እንደነበሩ ገልጿል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተር በ2015 በ90 ዓመታቸው ሜላኖማ ወደ ጉበታቸውና ወደ አንጎላቸው ተዛምቶ ተገኘባቸው። በቀዶ ሕክምና፥ በጨረርና በፒ ዲ ዋን መድኃኒት ታክመው በዚያው ዓመት መጨረሻ ካንሰሩ በምርመራ እንዳልታየ አስታወቁ፤ ያረፉትም በታኅሣሥ 2024 በ100 ዓመታቸው ነው።

ሌላም ጥበብ አለ። የታማሚውን ቲ ሕዋሳት ከደሙ ቀድተው፥ ካንሰሩን የሚለይ አዲስ መቀበያ በላያቸው ላይ ተክለው፥ አባዝተው መልሰው ይሰጡታል። ይህ ሕክምና በ2017 በአሜሪካ ሌላ ሕክምና ላልያዘላቸው የደም ካንሰር ታማሚ ሕፃናትና ወጣቶች ተፈቅዷል።

የጥበቡ ወሰን

ይህን ሁሉ ስንናገር መድኃኒቱ ሁሉንም ያድናል ማለታችን አይደለም። ፍሬን መልቀቅ የሚጠቅመው ሊሄድ የተዘጋጀ መኪና ሲኖር ነው። ብዙ ግድፈት ያለበት ካንሰር፥ እንደ ሜላኖማና ከሲጋራ እንደሚመጣው የሳምባ ካንሰር ያለው፥ በሰሌዳው ላይ ብዙ እንግዳ ቃል ስላለው ሠራዊቱ በቀላሉ ይለየዋል። እንደ ቆሽትና እንደ ፕሮስቴት ካንሰር ያሉት ግን በአብዛኛው ለእነዚህ መድኃኒቶች አይበገሩም። ደግሞም ፍሬኑ የተለቀቀው ሠራዊት አንዳንድ ጊዜ ጤነኛውን አንጀት፥ ጉበት፥ ሳምባ ወይም የእንቅርት ዕጢ ያጠቃል። ይህም ሽማግሌዎቹና ፍሬኖቹ በከንቱ እንዳልተፈጠሩ ያስታውሰናል። የመድኃኒቶቹም ዋጋ እጅግ ከባድ ስለሆነ፥ በዓለም ላይ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ሁሉ አያገኟቸውም።

ታዲያ ይህ ዕውቀት በአገራችን ላለ አንባቢ ምን ይጠቅመዋል ቢባል፥ ሦስት ነገር ይጠቅማል።

አንደኛ፥ «የሰውነት መከላከያን አበረታለሁ፤ በዚህም ካንሰርን አጠፋለሁ» እያለ ጠርሙስ የሚሸጠውን ሰው ለመመዘን ይረዳል። ታማሚ መልካም ምግብና የቤተሰብ እንክብካቤ አያስፈልገውም ማለት አይደለም፤ እጅግ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው ችግሩ ካንሰሩ የሠረቀው የይለፍ ወረቀት ሲሆን፥ ያንን ወረቀት የሚቀድ ሻይ ወይም ቅጠል እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከሐኪም ጋር ሳይመካከሩ የሚጠጡት ሥራ ሥርም ጉበትንና ኩላሊትን ሊጎዳ፥ የሐኪሙንም መድኃኒት ሊያሰናክል ይችላል።

ሁለተኛ፥ ሠራዊቱን አስቀድሞ ማስተማር የሚቻልበት መንገድ መኖሩን እንወቅ። የማኅፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚመጣው ኤች ፒ ቪ ከሚባል ቫይረስ ነው። ቫይረስ ከውጭ የሚገባ እንግዳ ስለሆነ፥ ሠራዊቱ መልኩን በክትባት አስቀድሞ ካወቀ ከበር ይመልሰዋል፤ የቤት ልጁም ወደ ጠላትነት የሚለወጥበት ምክንያት ይቀራል። ይህ ክትባት በአገራችን ከ2018 ጀምሮ ለልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። የጉበት ካንሰር ከሚያመጡት አንዱ የሆነውን ሄፓታይተስ ቢ የሚከላከል ክትባትም ለሕፃናት ይሰጣል። ሴት ልጁ ከትምህርት ቤት የክትባት ወረቀት ይዛ ስትመጣ የሚያመነታ አባት ወይም እናት ቢኖር፥ ይህን ነገር ያስብ።

ሦስተኛውና ዋነኛው፥ ጊዜ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ እንረዳ። ካንሰሩ በቆየ ቁጥር ግድፈቱና መሸሸጊያው ይበዛል፤ አጥሩም ይወፍራል። ትንሽ ሳለ በቀዶ ሕክምና ሊነቀል የሚችለው፥ ከከረመ በኋላ ታላላቅ ሊቃውንት በታላላቅ መድኃኒቶች የማይደርሱበት ይሆናል። በአገራችን በሴቶች ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚበዙት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። ሁለቱም በጊዜ ቢገኙ የመዳን ዕድላቸው መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ብዙ ታማሚዎች ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ከተዛመተ በኋላ ነው። ለዚህም ምክንያቱ ሁልጊዜ ድኅነትና የመንገድ ርቀት አይደለም። በመሥሪያ ቤት የሚውል፥ ደመወዝ ያለው፥ ሆስፒታል በአቅራቢያው ያለ ሰውም እብጠቱን በሸሚዙ ወይም በነጠላው ሸፍኖ ወራት ያሳልፋል። አንዳንዱ ስለሚፈራ፥ አንዳንዱ ስለሚያፍር፥ አንዳንዱም «ሰውነቴ ብርቱ ነው፤ ራሱ ይከላከለዋል» ብሎ ስለሚታመን ነው።

ሰውነትህ በእርግጥ ብርቱ ነው። እስከ ዛሬ ምን ያህል ጊዜ ሳታውቀው እንዳዳነህ የሚቆጥር የለም። ነገር ግን በጡት ላይ እብጠት የተገኘ እንደ ሆነ፥ ከወር አበባ ጊዜ ውጪ ወይም ከተቋረጠ በኋላ ደም የታየ እንደ ሆነ፥ ለሳምንታት የማይሽር ቁስል፥ የማይለቅ ሳል ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ መክሳት ያለ እንደ ሆነ፥ በውስጥ እግር፥ በመዳፍ ወይም በጥፍር ሥር ጥቁር ነጥብ ወጥቶ የሚሰፋ እንደ ሆነ፥ ምክንያቱ ካንሰር ላይሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም አይደለም። ካንሰር የሆነ እንደ ሆነ ግን ሠራዊቱ ጠላቱን ስቶ፥ ወይም ፍሬን ተይዞበት፥ የውጭ ረዳት እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ያ ረዳት ሐኪሙ ነው። ሐኪሙንም ሊጠራለት የሚችል የሰውነቱ ባለቤት ብቻ ነው።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። ካንሰር ራሱን መደበቅ የሚያውቅ በሽታ ነው፤ እኛ ደግሞ ስንደብቀው እንረዳዋለን። ስለዚህ፥ የተከበራችሁ አንባቢያን፥ ምልክቱን ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ፤ እርሱ ካልደፈረም የሥራ ባልደረባው ወይም ቤተሰቡ ይዞት ይሂድ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።